ደንገልና ረግረግ፦ የጣናን ዳር ስለ መመለስ የቀረበ ትምህርት



በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 8 ቁጥር 11 ላይ ሹሐዊው በልዳዶስ በመከራ ላይ ያለውን ወዳጁን ሲገሥጽ፣ ረግረግ በሌለበት ደንገል ሊያድግ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ጥያቄውን ያነሣው እግዚአብሔርን የሚረሳ ሰው ውኃ እንደ ተለየው ተክል ገና በለጋነቱ እንደሚደርቅ ለማሳየት ነበር። በኢዮብ ላይ የሰጠው ፍርድ ትክክል እንዳልነበረ በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር ራሱ ይናገራል (ኢዮ. 42፡7)። ስለ ደንገል የተናገረው ግን እውነት ነው። እኛም ዛሬ ጥያቄውን ገልብጠን እንጠይቃለን፤ ደንገል ያለ ረግረግ ካልበቀለ፣ ሐይቅስ ያለ ደንገሉና ያለ ረግረጉ በጤና ሊኖር ይችላልን?

ደንገል ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ተክል አይደለም። የሙሴ እናት ሕፃኗን ከፈርዖን ትእዛዝ ለማዳን ያዘጋጀችው ሣጥን የደንገል ነበር፤ ያስቀመጠችውም በወንዝ ዳር በበቀለ ቄጠማ መካከል ነበር (ዘፀ. 2፡3)። ነቢዩ ኢሳይያስም ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር፣ መልእክተኞቿን በደንገል መርከብ በውኃ ላይ እንደምትልክ ይጠቅሳል (ኢሳ. 18፡1-2)። ነቢዩ ያሰበው በጥንቱ የኩሽ መንግሥት ላይ መሆኑን የመጽሐፍ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ዛሬ ማየት የሚፈልግ ወደ ጣና ይመጣል። ሙሴን የሸሸገው ደንገል በግብፅ ምድር በዱርነቱ ሊጠፋ ጥቂት ብቻ ሲቀረው፣ በዓባይ መነሻ በእኛ ዘንድ ግን እስከ አሁን አለ። እስከ መቼ እንደሚኖር ነው የዚህ ትምህርት ጉዳይ።

የሐይቁ ጠባይ

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ ቀዳሚ ነው። ስፋቱ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ቢልም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጥልቅ ሐይቅ የገባበትን ደለል ወደ ታች አውርዶ ለረጅም ጊዜ ሊሰውረው ይችላል፤ ጣና ግን እንደ ሰፊ ገበታ ዝርግ በመሆኑ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ያለው ጭቃ ይናወጣል፤ በጭቃው ውስጥ የነበረውም ሁሉ ተመልሶ ወደ ውኃው ይገባል።

ከ40 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ወደ ሐይቁ ይፈስሳሉ። ወንዞች ከሚያስገቡት ውኃ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚሆነውን ግን የሚያመጡት አራቱ ናቸው፤ እነርሱም ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። እነዚህ ወንዞች ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ሲወርዱ ውኃ ብቻ ይዘው አይመጡም። ከተራቆተው ተዳፋት ላይ የታጠበ አፈር፣ ከእርሻው ላይ የተረፈ ማዳበሪያ፣ ከመንደርና ከከተማ የወጣ ቆሻሻ አብሯቸው ይወርዳል።

ረግረጉ የሚሠራው ሥራ

በጥንቱ ሥርዓት ወንዞቹ በቀጥታ ከሐይቁ ጋር አይገናኙም ነበር። በክረምት ሞልተው በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ ከዚያም በቄጠማውና በደንገሉ መካከል ቀስ እያሉ ያልፋሉ። በዚህ መዘግየት ውስጥ ሦስት ሥራዎች ይሠራሉ። ጉሽ ጠላ ጋን ውስጥ ሲቆይ አተላው ወደ ታች እንደሚወርድ ሁሉ፣ የሚሮጥ ውኃ ሲረጋ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ከአፈሩም ጋር ተጣብቆ የሚሄደው ፎስፎረስ የተባለው ንጥረ ነገር በዚያው ይቀራል። ቀጥሎም፣ ቁመቱ ከ4 ሜትር በላይ ሊደርስ የሚችለው ደንገል በውኃው ውስጥ የሟሟውን ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ለምግቡ ይስበዋል። ሦስተኛው ሥራ ለዓይን አይታይም፤ አየር በማይደርስበት የረግረግ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ከማዳበሪያ የመጣውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይመልሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ነው። ደንገል የሳበውን ምግብ ለዘለዓለም አይዘውም። ሳይታጨድ አርጅቶ ከወደቀና ከበሰበሰ፣ ያጠራቀመውን ከፊሉን ለውኃው መልሶ ይሰጣል። በልኩ የሚያጭደው ሰው ግን ያንን ትርፍ ምግብ ተሸክሞ ከሐይቁ ያወጣዋል። ስለዚህ ታንኳ የሚሠራው፣ ምንጣፍና ሰሌን የሚሸምነው እጅ፣ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሙያ የሚታወቁት የወይጦ ተወላጆች እጅም ጭምር፣ ሐይቁን ሲያጸዳ የኖረ እጅ ነው። ለዚህ ሙያ በማኅበረሰባችን ውስጥ ለዘመናት ተሰጥቶ የነበረው ንቀት ራሱን የቻለ የንስሐ ርእስ ይሆናል።

ረግረጉ ማጥለያ ብቻ ሳይሆን ቤትም ነው። አምባዛ የሚራባው ክረምት ሲገባ ውኃ በሚተኛበት ዳርቻ ነው። በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ጥርት ባለ ውኃና በጠጠር ላይ ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣሉ። ደለል ጠጠሩን ሲሸፍነው እንቁላሉ ይታፈናል። ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው በብዙ ሺህ የሚመጡት ባለ ረጅም እግር ወፎችም፣ በራሳቸው ላይ ዘውድ የመሰለ ወርቃማ ላባ ካላቸው ከአገራችን ወፎች ጋር በዚሁ ዳርቻ ይሰማራሉ። የሙሴ እናት ቄጠማውን የመረጠችው መሸሸጊያ በመሆኑ ነበር። ለዓሣ ጫጩትም ያው መሸሸጊያ ነው።

ዳሩ እንዴት ጠፋ

አንድ ክፉ ሰው ያጠፋው ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ሲታይ ምክንያት ነበረው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ፎገራ የገባው የሩዝ እርሻ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል የታሰበ ነበር። ዝናብ ባጠረበት እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ከፍታ እጅግ ሲወርድ ግን ውኃው ከዳሩ ራቀ፤ ደንገሉ በደረቅ መሬት ላይ ቀረ፤ ሰዎችም ባሕር ሸሽ በምንለው በተገለጠው መሬት ላይ ማረስ ጀመሩ። ውኃው ሲመለስ ብዙው ዳር እርሻ ሆኖ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ በየዳርቻው በሞተር እየተጠጣ የሚለማው ጫት፣ ረግረግ ላይ የሚተከለው ባሕር ዛፍ፣ ያለ ከልካይ የሚሰማራው ከብትና እየሰፋ የሚሄደው የባሕር ዳር ከተማ ፍሳሽ አሉ።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እንቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳር ታየ። መነሻው የደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ የሆነው ይህ አረም በአገራችን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በቆቃና በአዋሽ ታውቆ ነበር። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ካህኑ፣ ወታደሩ በዘመቻ ገብቶ በእጁ ነቀለው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ መሣሪያ ላኩ። ይህ ሁሉ የፍቅር ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ከክረምት በኋላ አረሙ በዚያው ሥፍራ ተመልሶ ተገኘ።

ለምን? እንቦጭ የሚመገበው ከላይ የጠቀስነውን ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ነው። ማዕዱ ተዘርግቶ እያለ እንግዳውን ብናስወጣ ሌላ ቀን ይመለሳል። ማዕዱን የሚያነሣው ደግሞ አንደኛ፣ አፈሩንና ማዳበሪያውን በደጋው የሚያስቀር ሥራ ነው፤ ሁለተኛ፣ በወንዞቹ አፍና በሐይቁ ዙሪያ ያለው ረግረግ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ለነቀላው ከወጣው ጉልበት እኩሌታው እንኳ ለዳሩ መመለስ ቢውል ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ሌላ በሆነ ነበር።

ዳሩ እንዴት ይመለሳል

ሥራው የሚጀምረው በመትከል አይደለም፤ በስምምነት ነው። ውኃው በመስከረም ሞልቶ የሚደርስበት ወሰን የት እንደ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚያርስ፣ ከብት መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚከለከል የአካባቢው ሰው ሽማግሌ አስቀምጦ ሳይወስን የተተከለ ደንገል የመጀመሪያውን በጋ አያልፍም። የለጋውን ቀንበጥ ጣዕም ከብቶች ከማንም ቀድመው ያውቁታልና።

ወሰኑ ከተከበረ በኋላ ውኃውን መመለስ ይከተላል። መሬቱን ለማድረቅ የተቆፈሩት ቦዮች ይደፈናሉ፤ ወይም በየመካከላቸው በአፈርና በድንጋይ ይታገዳሉ። ረግረጉ ፈጽሞ ካልሞተ ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ሥራ አያስፈልገውም፤ በጭቃው ውስጥ የቀረው ሥርና ዘር በራሱ ይነሣል። ፈጽሞ የጠፋ ከሆነ ግን ከጤናማ ደንገል ሥር በጭቃ ውስጥ ተጋድሞ የሚያድገውን ግንድ ከነቡቃያው ቆርጦ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወይም በራሰ ጭቃ ላይ መትከል ይቻላል። አዲሱ ተክል ፈጽሞ በውኃ ከተዋጠም፣ ፈጽሞ ከደረቀም ሊሞት ስለሚችል፣ የውኃውን አወጣጥና አወራረድ የሚያውቁ የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች ምክር ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። እስኪበረታ ድረስም እንቦጩን ከመካከሉ መልቀም የግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅና በልክ መጠቀም ነው። ደንገሉ አይቃጠል። ከታጨደ በኋላ ለማገገም ወራት ስለሚፈልግ፣ አንዱ ክፍል ሲታጨድ ሌላው ይረፍ። ያለ ዕረፍት በተደጋጋሚ የሚታጨድ ደንገል ሥሩ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ በታች ሲሠራ፣ በላይ እርከንና የቦረቦር ክትር ካልተሠራ ድካሙ ከንቱ ነው። የማጥለል ኃይሉ ወሰን ስላለው፣ ደለል ከመጠን በላይ የወረደበት ረግረግ ራሱ ይቀበራል። በዚህ ረገድ የዩጋንዳው ናኪቩቦ ያስተምረናል። የካምፓላ ከተማ ፍሳሽ ወደ ቪክቶርያ ሐይቅ የሚገባው በዚህ የደንገል ረግረግ በኩል ነው፤ የከተማይቱ የመጠጥ ውኃ የሚቀዳውም ከዚያው የሐይቅ ወሽመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ረግረጉ በነፃ የሚሰጠውን አገልግሎት በማጣሪያ መተካት ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አሳይቶ ነበር። ሆኖም እርሻና ግንባታ ረግረጉን እያጠበቡት ሄዱ፤ ውኃውን ለማጣራት የሚወጣውም ወጪ አደገ።

ጥበቃው በደንብ ቢከናወን እንኳ ውኃው በአንድ ዓመት አይጠራም። በሐይቁ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመው ፎስፎረስ ቀስ በቀስ መውጣቱን ይቀጥላል። ይህን አስቀድሞ ለሕዝብ መንገር ይገባል፤ ፈጣን ፍሬ የተሰበከለት ሰው በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጦ ይመለሳልና።

ስለ ገበሬው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ከባሕር ሸሹ ላይ አንድ ጥማድ የማትሞላ መሬት የሚያርስ፣ አምስት ልጆች ያሉት ገበሬ እናስብ። በዚያች መሬት ላይ ሩዝና ጓያ ይዘራል፤ ሌላ መሬት የለውም። ለእርሱ ስለ ደንገል ጥቅም የምናስተምረው ትምህርት ከመሬቱ ልቀቅ ከማለት በቀር ምን ትርጉም አለው?

ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በጻፉት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፣ ረግረግን ወደ እርሻ መለወጥ ብዙ ሕያዋን ፍጥረታትን እንደሚያጠፋ ያስጠነቅቃሉ (ቁ. 39)። ንጹሕ ውኃ ማግኘትም የሰው ልጅ ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን ያስተምራሉ (ቁ. 30)። ነገር ግን በዚያው መልእክት የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት ለያይተን እንዳንሰማ ያዝዙናል (ቁ. 49)። በመሆኑም ድሀውን ከዳር አባርሮ ዳሩን ለወፎች መመለስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። በሌላ በኩል፣ ድሀው ያርሳል ተብሎ ረግረጉን ሁሉ መተው ለድሀው አይጠቅመውም፤ ዓሣው ሲጠፋና የሚጠጣው ውኃ ሲበከል ቀድሞ የሚታመመው የእርሱ ልጅ ነው። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34 ጥሩውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን የሰቡ በጎች ይወቅሳል። የተደፈረሰውን የሚጠጡት ከሲታዎቹ ናቸው። ማን ምን ያህል እንዳደፈረሰ በቅንነት ስንመረምር፣ በሞተር የሚጠጣውና በግንብ የሚያጥረው ከጥማድ መሬቱ ገበሬ ይልቅ ተጠያቂ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ ደንገሉን ለገበሬው ሰብል ማድረግ ነው። በማኅበር ተደራጅቶ በተራ የሚታጨድ ደንገልና ቄጠማ፣ ለበዓል የሚሸጥ ሣር፣ በዳሩ የሚቀመጥ ቀፎ፣ ታጭዶ ለከብት የሚቀርብ መኖ፣ የተነቀለው እንቦጭ ተብላልቶ የሚሆነው ብስባሽ፣ እነዚህ ከሩዙ የሚገኘውን ሙሉ በሙሉ ላይተኩ ይችላሉ። ጉድለቱን ግን ገበሬው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ከሐይቁ የሚጠቀመው የከተማው ሰው፣ ሆቴሉ፣ መብራት የሚያገኘው ሁሉ ድርሻ አለበት። ይህ ምጽዋት ሳይሆን ፍትሕ ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

2007 ዓ.ም. ሦስት ነገሮች የተገናኙበት ዓመት ነበር። በጥር ወር የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ተመሠረተ፤ በግንቦት «ላውዳቶ ሲ» ተጻፈ፤ በሰኔ የጣና ሐይቅና አካባቢው በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ክልሎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያው ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ ነሐሴ 26 ላይ ስለ ፍጥረት የሚደረገው ጸሎት በመላይቱ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ይታሰባል። ይህ ጊዜ ሐይቁ የሚሞላበት፣ ወንዞቹም ደለላቸውን የሚያወርዱበት ስለሆነ፣ ለሚከተለው ቀላል ትምህርት ይመቻል።

አንድ አዋቂ ሰው ከወንዙ በአንድ ብርጭቆ፣ ከቄጠማው ማዶ ካለው የረጋ ውኃ ደግሞ በሌላ ብርጭቆ ይቅዳ። ሁለቱ በክፍሉ መስኮት ላይ ይቀመጡ፤ ልጆቹም በማግስቱ ከሥር የተቀመጠውን አፈር ያወዳድሩ። ልጆቹን ግን ወደ ውኃው አታስገቡ፤ በጣና ዳር ብልሃርዝያ አለና።

በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 47 ከቤተ መቅደስ የሚወጣውን ወንዝ ስታስተምሩ፣ ቁጥር 11 ላይ ረግረጉና እቋሪው ውኃ እንደማይፈወስ የሚናገረው ቃል ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ነቢዩ ረግረግን እንደ ናቀ አድርጋችሁ አታስተምሩ። በሙት ባሕር ዳር ያለው ያ ረግረግ ለጨው እንዲሆን ተትቷል፤ ጨው ደግሞ ለመሥዋዕቱ ያስፈልግ ነበር (ሕዝ. 43፡24)። ሁሉ በተፈወሰበት ራእይ ውስጥ እንኳ ረግረጉ በቦታው የቀረው ሥራ ስላለው ነው።

ለውይይት፦ በቁምስናችሁ አቅራቢያ ያለው ምንጭ፣ ወንዝ ወይም ጨፌ በአያቶቻችሁ ዘመን እስከ የት ይደርስ ነበር? አረጋውያንን ጠይቁ። ዛሬ በዚያ መሬት ላይ የሚጠቀመው ማን ነው፤ ቢመለስስ የሚጎዳው ማን ነው? የቁምስናው ግቢ፣ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ፍሳሻቸውን የሚለቁት ወዴት ነው? የዚህን የመጨረሻውን መልስ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።